ኮቹ ፊት ያመሰገንኩት ሰው

ሰኞ
የጎረቤቴ የእትዬ አልማዝ እግር ዛሬም አብጧል። ከኩላሊት እጥበት ሲመለሱ ደረጃው ላይ ሦስት ቦታ አረፉ። ልጃቸው ከጎረቤት ከተማ ከቤልቪው ደውላ «ሥራ በዝቶብኛል» አለች አሉ። ምን ይደረግ። ደግነቱ ፍቃዱ አለ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሚኖርበት ከተማ ከሬንተን መጥቶ በመኪናው ሆስፒታል ያደርሳቸዋል። ዘመድ እንኳ አይደለም። ልጄን ናሆምን ቅርጫት ኳስ ሲጫወት አይቶ ወደደው፣ በዚያው የሁላችንም ሰው ሆነ።

ነገ ናሆምን የሚፈልገው የኮሌጅ ኮች ቤታችን ይመጣል። ምንጣፍ መጥረግ፣ ሳምቡሳ መጥበስ፣ የናሆምን ሸሚዝ መተኮስ። ስኮላርሺፑን ከሰጡት እልል ነው የምለው።

ማክሰኞ
መጣ። በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። ሳምቡሳውን ወደደው፣ ሳህኑ ላይ አንድ ብቻ ቀረ። «ልጅሽ ሰውነቱ ገና አልጠነከረም» አለኝ። «አሁን ፕሮፌሽናል ቢገባ ትልልቆቹ ሲጫወቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። እኛ ጋ ይጫወታል፣ ይሠለጥናል፣ ዲግሪውንም ይይዛል።»

ደስ አለኝ። ሶ፣ የረዳንን ሰው ሳላመሰግን ብቀር ነውር መሰለኝና በዚችው እንግሊዝኛዬ ስለ ፍቃዱ ነገርኩት። ለናሆም የገዛለትን ጫማ፣ ጃኬት፣ የኪስ መጥሪያ ቢፐር፣ ካሊፎርኒያ ለጨዋታ የሄደበትን የአውሮፕላን ትኬት። ናሆም በጠረጴዛው ሥር እግሬን መታኝ። ኮቹ ማኘኩን አቆመ።

«አጎቱ ነው?»

አይደለም አልኩት። ደብተሩን ዘጋ።

ከወጣ በኋላ ናሆም ጮኸብኝ። «ማሚ፣ ዋይ? እንዲህ ዓይነት ስጦታ የተቀበለ ልጅን ኮሌጅ አያጫውቱትም እኮ!»

እኔ ምን አውቄ። የረዳን ሰው ስሙን መደበቅ የት አገር ነው?

ሐሙስ
ኮቹ ደወለ። ፍቃዱ የተጫዋች ደላላ ሳይሆን አይቀርም አለ። የሰጠው ሁሉ ይመለስ፣ እሑድ መጥቼ እመዘግበዋለሁ፣ ቅጣት ይኖራል፣ ግን ናሆም ምናልባት ይተርፋል አለ። ምናልባት!

ዛሬ ናሆም አሥራ ስምንት ሞላው። ኬክ ገዝቼ ጠበቅኩት። ለካ ፍቃዱ ራት ጋብዞታል። ሲመጣ ኬኩን ዞር ብሎም አላየው፣ እኔንም አላየኝ። «ጠግቤያለሁ» ብሎ ክፍሉ ገባ።

ቅዳሜ
ፍቃዱን ስጦታህን ውሰድልን አልኩት። ሳቀ።

«እትዬ ዘነቡ፣ የሰጡት ነገር ይመለሳል እንዴ? ኮሌጅ ማለት አራት ዓመት በነፃ ማሠራት ነው። ጉልበቱ አንድ ቀን ቢሰበር ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እኔ አውሮፓ ቡድን አግኝቼለታለሁ። ወዲያው ነው የሚከፍሉት።»

እሱም እውነት ይመስላል። ጨነቀኝ። ቢሆንም ውሰድልን አልኩ። የመኪናውን ቁልፍ አንቀጫቀጨ።

«ኦኬ። ሰኞ እትዬ አልማዝን ማን ያደርሳቸዋል?»

ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ፈገግ እንዳለ። ዕቃውን ሳይነካ ወጣ።

እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እትዬ አልማዝ መጡ። በግድግዳው በኩል ሁሉን ሰምተዋል። «እኔ በአውቶቡስም እሄዳለሁ። በኔ ሰበብ ልጅሽን እንዳትሸጪ!» ብለው ተቆጡኝ። ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ኮቹ ደረሰ።

ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ነበር። አንድ በአንድ ጻፈ። «ይኸው ነው?» አለኝ። «ሌላ የለም፣ በማርያም!» አልኩት።

ናሆም ከተደገፈው ግድግዳ ተላቀቀ። «ኖ፣ ኮች። ሐሙስ ዕለት አሥራ ስምንት ስሞላ፣ ፍቃዱ ወኪሌ እንዲሆን ወረቀት ፈርሜያለሁ።»

እትዬ አልማዝ እንግሊዝኛው አልገባቸውም፣ «ምን አለ? ምን አለ?» ይሉኛል። ናሆም ወረቀቱን አመጣ። ኮቹ ሁለቴ አነበበው። «ይሄ ከጸና ኮሌጅ መጫወት አይችልም፣ እኔም የማደርገው ነገር የለም። ለሕግ ሰው አሳይቼ እደውላለሁ» አለ።

በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ናሆምን አየው። «ዝም ብትል እኮ ማንም አያውቅብህም ነበር። ለምን ነገርከኝ?»

ናሆም አንገቱን ደፋ። «ማሚ በማርያም ማለች» አለው።