አንቺ ክፍል ያስቀመጥኳት መለኪያ

ልጄ፣ ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም እንዳታወሪ። ትናንት ከራዶን መለኪያ ጋር ሳወራ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ያዘችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ደግሞ ከማን ጋር ነሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ላድርግ፣ ከሄድሽ ወዲህ «እንደምን አደርሽ» የምለው ሰው የለኝም።

መለኪያዋን በየቤቱ ያደለችው የጤና ሠራተኛዋ ናት። ራዶን ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ ከመሬት በወለል ስንጥቅ እየገባ ሳንባ ይጎዳል አሉ። መስኮት ዘግተሽ መኝታ ክፍል አስቀምጪ ስባል፣ አንቺ ክፍል አስቀመጥኳት።

ዛሬ ልትወስዳት መጥታ ተቆጣች።

«እማማ፣ የሚተኙበት ክፍል ነው እኮ ያልኩት! እዚህ ማን ይተኛል?»

«ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ተኝታበታለች» አልኳት።

ለእኔ ክፍል ሌላ ሰጥታኝ ያንቺን በጥንቃቄ አሽጋ ወሰደች።

አልጋሽ ሥር ያለውን ስንጥቅ አባትሽ ሊደፍነው ሲነሳ «ይደርሳል፣ ተወው» ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ለመሆኑ ያ ሳልሽ ለቀቀሽ? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው። ሐኪም ቤት በመንገድሽ ካለ ግን ጎራ በይ።

ውጤቱ ሲመጣ ከእኔ ክፍል በፊት ያንቺን እጽፍልሻለሁ። ደህና ሁኚልኝ።

እናትሽ