የወይዘሮ ሮማነወርቅ ሁለተኛ ዓይን

እንጦጦ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ቀጀላ፣

እኔ፣ ምስጋና ለአምላክ ይሁንና፣ እስከ ዛሬ አልተባረርኩም። ነቀምት ሳለን የመምህራችንን አፍንጫ ከጎን በከሰል ስሥል ሁላችሁም ታደንቁኝ ነበር። እዚህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በምማርበት ግን ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይን የሚሣለው ኃጢአተኛ ብቻ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል በስለት ያሠሩትን ወይዘሮ ሮማነወርቅን፣ አፍንጫቸው ያምራል ብዬ፣ ከሥዕሉ ግርጌ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙሬ ሣልኳቸው።

«አንተ! ሌላውን ዓይኔን የት ጣልከው? ከይሁዳ ጋር ልታስቆጥረኝ ነው?» አሉ።

ሥዕል የሚያስተምሩኝ አለቃ ዓምደ ሚካኤልም፣ «እስከ ነገ ካላስተካከልከው ወደ አገርህ!» አሉኝ።

እኔም አፍንጫቸውን ለማጥፋት ስላሳሳኝ፣ ሁለተኛውን ዓይን ከጆሯቸው አጠገብ ጨመርኩላቸው። ወይዘሮዋ ዛሬ መጥተው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «አሁን እኔን መሰለ!» ብለው መረቁኝ። አለቃም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ይህ የእኔ እጅ አይደለም፤ ያንተው ነው፤ በል ቀጥል» አሉ።

ቦታው አለቀብኝ። እናቴን ጉልበቷን ሳምልኝና አልተባረረም በላት። ይህን በጻፍኩበት ካርድ ፊት ላይ ያለው ሥዕል አንተ ነህ፤ ከጎን ስለሣልኩህ እንዳትቀየመኝ፣ ለጥንቃቄ ሦስት ዓይን አድርጌልሃለሁ።

ወንድምህ ነገሳ