ላልሞተችው ፅዮን የተለቀሰ ለቅሶ

ውድ ወንድሜ አድማሴ፣

እናታችንን በሕይወት ላለች ልጇ ፀጉሯን አስላጭተሃታል። በደልህ ይህ ነው። አዲስ አበባ ሶፋህ ላይ ተቀምጠህ፣ በአንድ ጣትህ አደረግኸው። በስልክ ስነግርህ «አያ ዋኘው፣ አጋነንኸው» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። ወረቀት አይዘጋምና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ዋይፋዩን የተከልህልን ቀን መርቄህ ነበር። ኔትወርኩን ከክፍል ክፍል ከሚያቀባብሉት ነጫጭ ሣጥኖች አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ኮሪደሩ ላይ፣ አንዱን እማ ክፍል አኖርህ፤ የአባታችን የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ያለ እነሱ ኔትወርኩ እማ ዘንድ አይደርስም። የስልክ ዳታ ከከተማው ከጠፋ ወዲህ እንኳ፣ እማ በየማታው ቤይሩት ያለችውን እህታችንን ፅዮንን ፊት ለፊት ታያት ነበር። ጆሮዋ ደክሟል፤ ፊት ካላየች ከሰው ጋር ተነጋገርሁ አትልም። የመስመሩ ውል በስምህ፣ የሣጥኖቹ ማዘዣ ስልክህ ላይ መሆኑን ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም።

ኋላ «እማን ወደዚህ ላካት» አልህ። እሷ ከአገሬ ከዛሪማ አንዴ ተነቅያለሁ፣ ዳግመኛ አልነቀልም አለች። ያለችውን ነገርሁህ። በማግስቱ የቤቱን ኢንተርኔት ዘጋኸው። ስደውልልህ ያልኸኝን ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ።

«እኔ ጋ ከመጣች ፅዮንን እንደ ልቧ ታያታለች።»

«ክፈተው፣ አድማሴ።»

«ላካትና እከፍታለሁ።»

እማ የመጀመሪያውን ማታ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። «ምነው ልጄ ቀረች?» አለችኝ። ኔትወርክ ነው አልኋት። በሁለተኛውም ማታ ያንኑ አልሁ። አገርህን ታውቃለህ። ከአረብ አገር የልጅ ወሬ ሲጠፋና ቤተሰብ «ኔትወርክ ነው» ሲል፣ ያ ቤት መርዶ ደብቋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መጠየቋን ተወች። ፅዮን ፊት በማያሳየው በተራው ጥሪ በእኔ ስልክ ስትደውል ጆሮዋ ላይ ያዝሁላት። ጥቂት አዳምጣ መለሰችልኝና «የማን ልጅ ናት ደግ፣ ልታጽናናኝ የደወለች» አለች።

አንተን ደጅ ከምጠና ብዬ ከሌላ ድርጅት በራሴ ስም አዲስ መስመር አስገባሁ። ሠራተኞቹ መብራት ሳይጠፋ እንጨርስ ብለው ጎህ ሲቀድ መጡ። ገመዱ በአባ ዕንባቆም ግቢ ስለሚያልፍ አባም መስቀላቸውን እንደያዙ ተከትለው ገቡ። ገና ሳይነጋ የንስሐ አባቷና ሁለት የማታውቃቸው ወንዶች! መርዶ ነጋሪ ሌላ ምን መልክ አለው?

እማ ደረቷን መታች። «አባ፣ አይንገሩኝ! አውቄዋለሁ!»

«ኧረ ተይ፣ ለተ ማርያም! ሞደም ሊያስገቡ ነው የመጡት።»

«ሞደም ደግሞ ማነው? አብሯት የሞተ ነው?»

ከሠራተኞቹ አንዱን ሳቅ አመለጠው፤ ሳየው አንገቱን ደፋ። እኔ ከእነሱ ጋር ሳሎን ስባክን፣ እማ ጎረቤታችንን ሰብለ ወንጌልን ምላጭ አስመጥታ ተላጨች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ተቀመጠች። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ እያለቀሰ ገባ። እኔ «አልሞተችም» ባልሁ ቁጥር «አይ አያ ዋኘው፣ አንጀቱ አልችል ብሎት ነው» ይሉኛል።

አዲሱ ሞደም ከሳሎን አልፎ አልሄድ አለ። ያንተን ሣጥኖች ባያይዛቸው አሻፈረኝ አሉ፤ ለካ በገዛ ቤቴ ያንተን ስልክ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ከሥራቸው መርፌ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ጌታውን እስኪረሳ ድረስ እያንዳንዱን ወጋሁት። ስወጋ የማስበው አንተን ነበር። ከዚያ በእማ ስልክ፣ በእኔ ስም እንደ አዲስ አስመዘገብኋቸው። አሁንም ይቆራረጣል። ለሠራተኛው ብደውልለት «አባባ፣ ሞደሙም ሣጥኑም አዛዥ ልሁን እያሉ ነው፤ ሞደሙ ማሳለፍ ብቻ ይሁን ሥራው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንድ ደብር ሁለት አለቃ አይችልም። እየመራኝ አስተካከልሁት። ሞደሙን፣ ቀጥሎም ሣጥኖቹን አጥፍቼ አበራሁ።

ስደውል ፅዮን እማ ስልክ ላይ ብቅ አለች። እማ ግን «በቴሌቪዥን የሞተም ይዘፍናል» ብላ ፊቷን አዞረች።

«እማ! ፀጉርሽን ማን ላጨሽ?» ብላ ፅዮን ጮኸች። «ማን ሞቶ ነው?»

እማ ቀስ ብላ ዞረች። «አንቺ» አለቻት።

ስልኩን በመዳፏ ስትዳብሰው አባ ዕንባቆም ማየት አቅቷቸው ወጡ።

ትናንት ደውለህ «ሣጥኖቹ ከስልኬ ጠፉ፤ ምን አደረግሃቸው?» አልኸኝ። ስለ ሣጥን ነው የጠየቅኸው። መልሱ ይኸውልህ፤ ከቤቴ አወጣሁህ። ከእንግዲህ እናትህን ማየት ስትሻ ደጄን ታንኳኳለህ።

እማ ማን እንደዘጋው ጠይቃኛለች። መብራት ነው አልኋት። ላንተ ያዘንሁ እንዳይመስልህ። በሕይወት ላለች ልጇ አንዴ አልቅሳለች፤ በሕይወት ላለ ልጇ ደግማ አታለቅስም። በየማታው ከፅዮን ጋር ስትጨርስ «ይህን ሣጥን ያመጣልኝ አድማሴ ይባረክ» ትላለች። ለፋሲካ ስትመጣ ጉልበቷ ሥር ትንበረከክና ያን ምርቃት ትቀበላለህ። ልትመርቅህ ስትጎነበስ ነጠላዋ ይንሸራተታል፤ የተላጨ ራሷን ታያለህ። እኔ ከፊት ለፊትህ ተቀምጬ አሜን ስትል እሰማሃለሁ።

ይቅርታ ብትል አልመልስም። ሽማግሌ ብትልክ ጠላ ጠጥተው ይመለሳሉ። ስለዚህ ነገር እስክሞት ድረስ ከአፌ ቃል አይወጣም።

ታላቅህ ዋኘው
ጎንደር