የእናቴን ቃል ስለቀደመው የክቡርነትዎ ቪዲዮ

ለክቡር አቶ ተክለጻድቅ፣
የይዞታ ክርክር ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ልደታ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ ወንበርዎና በመግቢያው ስክሪን ላይ ቀኑን ሙሉ ፈገግ የሚለው ቪዲዮዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ ሰንጋ ተራ በሚገኝ ስቱዲዮ ድምፅ እየቀዳሁ የምተዳደር፣ የወይዘሮ ጠጅቱ ልጅ ነኝ። እናቴ የኖረችበት ቤት የራሷ ስለመሆኑ ጽሕፈት ቤትዎ ቀርባ ቃሏን በድምፅ ሰጥታ ነበር። ቅጂው ተቆራርጦ ተገኘ፤ እሷንም ልደታ ማርያም ከቀበርናት ሰነባበትን። ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ እናቴ ቃሏን ከመስጠቷ በፊት ለመቅጃው ቅድሚያ እንዲሰጠው ለምኜ ነበር። የመቅጃው ፕሮግራም ድምፅ የሚቀበልበት ክፍል ከሁሉ በላይ ቅድሚያ ካልተሰጠው፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ሌላውን ሲያስተናግድ የተነገረው ያመልጠዋል፤ ያመለጠ ድምፅ ደግሞ እንደ ባለጉዳይ ነገ ተመለስ ቢሉት አይመለስም። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ክቡርነትዎ ግን ኮሚቴ በማቋቋም አክብረውኛል።

ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ለፕሮግራሞቹ ቅድሚያ የሰጠው በባለቤቶቻቸው የሥራ ደረጃ መሆኑን ሳነብ፣ እውነቴን ነው፣ እጄን በአፌ ጫንኩ። ከዚያው መቅጃ ኮምፒውተር ወደ መግቢያው ስክሪን የሚተላለፈው የእርስዎ ቪዲዮ አንደኛ ሆነ፤ የምክትልዎ የመልካም በዓል መልእክት ተከተለው፤ መቅጃው ግን የቀጂዋ የወይዘሪት ሰሚራ ነውና፣ እሷም ዝቅተኛ መደብ ላይ ናትና፣ ከሁሉ መጨረሻ ተሰለፈ። ኮምፒውተር መቼም ሹመት አያውቅም፣ የታዘዘውን አደረገ። እናቴ ስትናገር እርስዎ አንድም ጊዜ ሳይቆራረጡ ፈገግ አሉ።

ሦስተኛ፣ ቅጂውን ስሰማ አለቀስኩ። ቤቱን ማን እንደሠራው፣ አጥሩ የት እንደነበረ፣ የሚያውቋት ጎረቤቶች ስም፣ ሁሉም ጫፍ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። የተበላሸ ድምፅ ስንቱን ጠግኛለሁ፤ ያልተቀዳ ድምፅ ግን ምኑ ይጠገናል? ጽሕፈት ቤትዎም ቃሏ ያልተሟላ ነው ብሎ ቤቱን ለተከራካሪያችን ወሰነ። ይግባኝ ብልም ይዤ የምቀርበው ይህንኑ ቅጂ ነው፤ ስለዚህ ምንም አልጠይቅዎትም።

ቤቱን እስክናስረክብ ድረስ፣ በታሰረ ዕቃ መካከል ቆሜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
ኑኃሚን ደጉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቅጂው ውስጥ ጥርት ብሎ የሚሰማ አንድ ቦታ አለ። ቪዲዮዎ አልቆ እንደገና እስኪጀምር ባለችው ፋታ፣ እናቴ «ስላዳመጣችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ አመስግናችኋለች።