እናትሽን ይዤ ቬትናም ሄጃለሁ

ነጅዋ፣

ይሄን ስታነቢ ኤርፖርት ደርሻለሁ። ብቻዬን አይደለሁም፤ እናትሽ አብረውኝ ናቸው።

ሀኖይን፣ ሁዌን፣ ሆይ አንን አብረን ልናይ ከአስጎብኚው ጋር ሁሉን ጨርሰን ሳለ «ሶሪ፣ በበጋ ከሙሀሲን ጋር ብሄድ ይሻለኛል» ብለሽ ጥለሽኝ ቀረሽ። «ኦኬ» አልኩሽ። ኦኬ አልነበረም።

የባሰው ግን በእናትሽ በእማማ አሚናት ላይ ያደረግሽው ነው። ሜኮንግ ወንዝ ላይ ሴቶቹ ከጀልባ ሲሸጡ በስልኬ አይተው «አንቺ ካልሄድሽ እኔ ልሂድ?» ቢሉሽ፣ እንግዶች ፊት «ጀልባው ላይ ማን ይሸከምሻል?» ብለሽ ሳቅሽባቸው። እሳቸው ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

ያንን ካየሁ በኋላ ያንቺን ቦታ ለእሳቸው ሰጠሁ። «ሱቄንስ ማን ይጠብቃል?» አሉኝ።

«ነጅዋ አለች» አልኳቸው።

ሶ፣ ዋይት ሴንተር ሰፈር ያለውን ሱቃቸውን እስክንመለስ አንቺ ትከፍቻለሽ። ቁልፉ ፍሪጁ ላይ ነው። መኪናሽን ከኋላ ፓርክ አድርጊ፣ የፊቱ የደንበኛ ነው። ዳቦ የሚያመጣው ሰውዬ ገና ሳይነጋ ይመጣል፤ ካልከፈትሽለት ይዞት ይመለሳል። አዎ፣ ማልዶ መነሳት እንደምትጠዪ አውቃለሁ።

ሳልነግርሽ መውጣቴ ጥሩ አይደለም። ብነግርሽ ግን ታስቀሪያቸው ነበር።

ሙሀሲን የሚባል ፍቅረኛ እንዳለሽ እናትሽ አያውቁም። «ልጄ ለምን ቀረች?» ሲሉኝ እስከዛሬ «ሥራ በዝቶባት ነው» እያልኩ ሸፍኜልሻለሁ። በረራው ረጅም ነው። እንደገና ከጠየቁኝ አልሸፍንልሽም።

ሩመይሳ