ግማሽ ክኒን

ማካሳር፣ ሐሙስ፣ ረጀብ 11

ለምወድህ ልጄ ለጁፍሪ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤ «እኛ ደህና ነን» ተብሎ ነው የሚጀመረው። እኔም እንደዚያ ጽፌ ሰረዝኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ «ደህና ነን» ስልህ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ እጄ እምቢ አለ። የጎረቤታችን ልጅ ሐስና ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ወደብ ትወርዳለች። አንተ ያለህበት የዘንባባ እርሻ ለሥራ መሄዷ ስለሆነ በእጅህ እንድትሰጥህ አስምያታለሁ። እዚያ ስልክ እንደማይሠራ ነግረኸኛልና፣ ሳትሄድብኝ ልቸኩል።

አባትህ ታሟል። ወባ ወይም ጉንፋን እንዳይመስልህ፤ ካንሰር ነው። ከመንደራችን ከታና ቤሩ ከወጣን ሁለት ወር ሆነን፤ ከሆስፒታሉ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። ባለፈው ዓመት ወገቡን ሲያመው «ግንድ ሳነሳ ተቀጭቼ ነው» ይል ነበር፤ እኔም በዘይት አሸው ነበር። ለካ ከሽንት ፊኛው ሥር ካለው እጢ ተነስቶ አከርካሪው ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ዶክተሩ በጨረር ይታከማል ብሎናል። ማሽኑ አንድ ነው፣ የሚጠብቀው ሕዝብ ግን ለዒድ ሶላት የወጣ ይመስላል። «ተራችሁ ሲደርስ እንደውላለን» ካሉን ዛሬ ሠላሳ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልህ። ቅድም ጮኸ፤ ዘልዬ ሳነሳው የኢንተርኔት ጥቅል ማስታወቂያ ነው።

ሕመሙን እንዴት ብዬ ልንገርህ? አባትህን ታውቀዋለህ። መጥረቢያ እግሩን የመታው ጊዜ በሽርጡ አስሮ የቀኑን ሥራ የጨረሰ ሰው ነው። ያ ሰው አንሶላ ነክሶ መዋል ጀመረ። ሰው ሲገባ ብቻ አንሶላውን ከአፉ ያወጣል። ሲስተር ማርዲያና የምትባል ነርስ ሰኞ ሰኞ እየመጣች ታየዋለች። «አባቴ፣ ሕመሙ ከአሥር ስንት ይሆናል?» ትለዋለች። «ሁለት» ይላታል። አንድ ቀን እንደውም «አንድ ተኩል» አላት። ትራሱ በላብ ርሶ ነበር።

ሞርፊን የሚባል ክኒን አዘውለታል። በየአራት ሰዓቱ አንድ፤ ቢያመውም ባያመውም በሰዓቱ። ስሙን ስሰማ ክው አልኩ። እኛ ሰፈር ሞርፊን የሚሰጠው ከፈን ለተገዛለት ሰው ነው። ሆስፒታል ሳለን ደግሞ ከጎናችን ባሏን የምታስታምም ሴት «አሁን ከለመደው በባሰበት ቀን አይሠራለትም» አለችኝ። ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። ልጄ፣ ይህን ላንተ ነው የምናገረው፤ ለእህቴም አልነገርኩም። ክኒኑን በቢላ ለሁለት እየከፈልኩ ግማሹን ብቻ እሰጠው ነበር። የተረፈውን በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ለባሰበት ቀን ብዬ። ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት ስድስት እርምጃ ነው። ያቺን ስድስት እርምጃ ለመሄድ ግድግዳውን ይዞ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። እኔ ደግሞ ቆርቆሮው እየሞላ በሄደ ቁጥር ልቤ የሚረጋ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ የባሰ ቀን ምን እንደሚሆን ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ቆይ፣ ጠራኝ መሰለኝ።

መጣሁ። አልጠራኝም፣ ተኝቷል። ስልኩንም አየሁት፤ ምንም የለም።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ሲስተር ማርዲያና ስትመጣ ቁጥሩን ተወችው።

«አባቴ፣ ዙህር ሰገዱ?» አለችው።

«ሰገድኩ።»

«ቆመው ነው ቁጭ ብለው?»

«በዓይኔ።»

«በዓይንዎ እንዴት?»

«ሩኩዕ ላይ፣ ጎንበስ በሚባልበት፣ ጨፈን አደርጋለሁ። ሱጁድ ላይ፣ ግንባር መሬት በሚነካበት፣ ጥብቅ አድርጌ እጨፍናለሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ወር አልፎታል።»

ወደ እኔ ዞረች። «እናቴ፣ ይህን ያህል ሞርፊን እየወሰዱ ጎንበስ ማለት ካቃታቸው መጠኑ አልበቃም ማለት ነው። ለዶክተሩ ነግሬ ዛሬውኑ እንዲጨመርላቸው አደርጋለሁ።»

ግማሽ እየዋጠ ያለ ሰው ላይ ሊጨምሩበት ነው። «አይጨመርለት» አልኩ። «ለምን?» አለች። ሄጄ ቆርቆሮውን አመጣሁና ፊት ለፊቷ ከፈትኩት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች። «እናቴ፣ ይህ ቆርቆሮ ስንቱ ቤት እንዳለ ቢያውቁ» አለችኝ። «ይህ መድኃኒት ለክፉ ቀን ተብሎ አይቀመጥም። ሕመሙ ሲጨምር እኛም መጠኑን እንጨምራለን፤ ዛሬ ስለወሰዱት ነገ መሥራቱን አይተውም።»

«ሱስ ቢሆንበትስ?»

«እሳቸው የናፈቃቸው ክኒን ነው ወይስ ሱጁድ?» አለችኝ። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት። ጨረሩ ሲሰጥ ጠንካራ አልጋ ላይ በጀርባ ተኝቶ አለመንቀሳቀስ ነው። ተራቸው ደርሶ መተኛት ቢያቅታቸው ምን ልናደርግ ነው?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቀኑን በጉጉት ስጠብቅ ለቀኑ የሚሆነውን ሰው እያደከምኩት ኖሯል። ሙሉውን በሰዓቱ እንድሰጠው፣ በመሐል ድንገት ከባሰበትም የሚጨመረው ስንት እንደሆነ በወረቀት ጽፋልኝ፣ ግማሾቹን ለሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት እመልሳለሁ ብላ ይዛ ሄደች።

አባትህ ይህ ሁሉ ሲሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። «የጁፍሪ አባት፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። የሠራው አዲስ መርከብ ባሕር ሊወርድ አንድ ቀን ሲቀረው ጥለኸው ከሄድክ ወዲህ ስምህ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ግን ሆን ብዬ ከዚያ ሌላ መጠሪያ አልሰጠሁትም።

«አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«አርባ ዓመት እንጨት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ግማሽና ሙሉ አልለይም? ደግሞ አቆራረጥሽ ጠማማ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«መድኃኒቱ አልቆብሽ የምትደብቂኝ መሰለኝ። ብጠይቅሽ ታለቅሻለሽ ብዬ ነዋ።»

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«ይኸው፤ አላልኩም?» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙሉውን እየሰጠሁት ነው። መጀመሪያ ሁለት ቀን አቅለሸለሸው፤ ውሎው እንቅልፍ በእንቅልፍ ሆነ፤ ትንፋሹን ለመስማት አሥር ጊዜ ጎንበስ እል ነበር። ሆዱም ደረቀ፤ ለእሱ የሚያለሰልስ ሽሮፕ ሰጥተውናል፣ ፓፓያም አበላዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ብድግ ብሎ ተቀመጠና ወንበር ላይ ሆኖ ሰገደ። ከዚያ ያከራየንን ሰውዬ አስጠርቶ የአልጋውን እግር ማን እንደሠራው ጠየቀው። «ወንድሜ ነው» አለ ሰውዬው። «ወንድምህ ሌላ ሙያ ይፈልግ» አለው። ውጭ ወጥቼ ሳቅሁ፤ ሰውዬውን ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ። በዚህ ሰኞ ሲስተር ማርዲያና ስንት ነው ስትለው «አራት» አላት። ሁለት ሲል ከከረመበት ጊዜ ይልቅ አራት ያለ ዕለት ደህና ነበር።

እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ሩዝ እጥዳለሁ፣ ስልኩን አያለሁ። ልብስ አጥባለሁ፣ በደረቀ እጄ መልሼ አየዋለሁ። ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ወረፋችንን ጠየቅኩ፤ «ስማችሁ አለ» አሉኝ። በመተላለፊያው ዶክተሩን አገኘሁት። «ጨረሩ ካለቀ በኋላ ወደ መርከብ ሥራው ይመለሳል?» አልኩት። «ጨረሩ ሕመሙን ያስታግስላቸዋል» አለኝ። ያልሰማኝ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩት። እሱም ያንኑ ደግሞ መለሰልኝ። ከዚያ ስለ ምግብ ጠየቅኩት። ዓሣ ይብላ አለኝ።

አሁን ነቅቷል። «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ።

«ለእህቴ» አልኩት።

«እህትሽ ማንበብ የቻለችው መቼ ነው?»

ወረቀቱን በእጄ ሸፈንኩት። እሱም «ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ፣ ወረቀቱን አምጪ» አለ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ስለሚንቀጠቀጡ ታግሠህ አንብበው።

«ጁፍሪ። ዘንባባ ሥር እባብ አይጠፋም ይላሉ። በባዶ እግርህ አትግባ። ቦት ጫማ ግዛ፤ ጠባብ አትግዛ።»

ይህን ብቻ ጽፎ ላብ አጠመቀው። «አንብቢልኝ» አለኝ፤ አነበብኩለት። «ፊደሌ ተበላሽቷል» አለ። «ይነበባል» አልኩት። እስክሪብቶውን ሳይመልስልኝ ትንሽ ቆየ፤ የሚጨምረው ያለ መስሎኝ ጠበቅኩት። ከዚያ መለሰልኝ።

ልጄ፣ የረገጥከው መሬት ሁሉ ይለምልምልህ፤ አላህ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ጎረቤት ይሰውርህ፤ ጤናህን ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ይስጥህ። ሐስና ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ስልኩም አልጮኸም። አባትህ «ና እንዳትይው፣ ሥራውን ይሥራ» ብሎኛል። ስለዚህ ና አልልህም። እናንተ ዘንድ ካለው ከኑኑካን ወደብ ወደዚህ የሚመለሰው መርከብ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ነው አሉ የሚነሳው። ቤታችን ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለው መስጊድ አጠገብ ነው፤ በሩ ሰማያዊ ነው። ይህን የምጽፍልህ እንዲያው እንድታውቀው ብዬ ነው።

እናትህ ሬኑ