በድንቡሼ ስም ስለሚጠሩት ሴሎች

እኔ የጉበት ካንሰርንና የሴሎችን እርጅና ሳጠና ጸጉሬን ያሸበትኩ ተመራማሪ፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ መጋቢት ዐሥራ ሁለት ቀን፣ መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ተኝቼ ይህን እናዘዛለሁ። የጠጠረው ጉበቴ ነው እንጂ አእምሮዬ አልደነዘዘም። ጉበት ሲደክም ሐሳብ እንደሚያምታታ ከማንም በላይ ስለማውቅ፣ ዛሬ ጠዋት ነርሷ ከመቶ ጀምሬ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ እንድቆጥር አድርጋኛለች፤ አልተሳሳትኩም። ጠጥታ ነው ብሎ የሚያማኝ ቢኖር፣ በሠርጌ ቀን እንኳ የጠጣሁት ውሃ ነበር።

ቤቱን ከነዕቃው ለወንዱ ልጄ ሰጥቻለሁ። ሌላ ወራሽ የለኝም፤ ነበረችኝ።

ከእናታችን የደረሰኝ የአንገት ሐብል ለታናሽ እህቴ ይሁን። ሴት ልጄን በቀበርኩ ማግስት፣ “ለዓለም መድኃኒት ትፈልጋለች፣ የራሷን ልጅ ግን አላዳነችም” ብላ ለጎረቤት መናገሯን ሰምቻለሁ። ይቅር ብያታለሁ። የተናገረችው እውነት ስለሆነ ግን ይቅር ማለቱ ጊዜ ወስዶብኛል።

ነጭ ጋውኔን፣ አሲድ የበላውን ኪሱን ሲጠግን ለኖረው ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ልተውለት ነበር። ይህን ቃሌን የሚጽፍልኝ ጠበቃ ግን ምስክር የሆነ ሰው አይወርስም ብሎ ከለከለኝ። ልብስ ሰፊውም፣ “እኔስ ብወርሰው የት ልለብሰው፣ ሐኪም መስያቸው ሰፈሩ ሁሉ ሊታከም ይመጣብኛል” አለ። እንግዲያውስ ጋውኑም ማይክሮስኮፑም ረዳቴ ለነበረችው፣ ዛሬ ወንበሬን ለያዘችው ተመራማሪ ይሁኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሴት ልጄን ድንቡሼ ነበር የምንላት። ገና በሃያ ዓመቷ ጉበቷ ላይ ዕጢ ወጣባት። ተቆርጦ ከወጣው ላይ ቁራጩ፣ እሷው ፈቅዳና ፈርማ፣ ወደ ቤተ ሙከራዬ መጣ። “እኔን ባታድኚኝ ሌላ ሰው ታድኚበታለሽ፤ ብቻ ስሜን ጻፊበት” አለችኝ። ጻፍኩበት። እሷ እየከሳች አለቀች፤ ሴሎቹ ግን ጠርሙሱን ሞልተው ሌላ ጠርሙስ ጠየቁ።

ጤነኛ ሴል ማርጀትን ያውቅበታል፤ የተወሰነለትን ያህል ተባዝቶ ይቆማል። ካንሰር ግን አላረጅም ያለ ሴል ነው። እኔ ሸበትኩ፣ ወንድሟ ጎለመሰ፤ እነሱ ግን እሷ ትታቸው እንደሄደችው ናቸው።

በሥራችን ሴሎች የሚያድጉበትን ሮዝ ፈሳሽ በአዲስ መለወጥ “ማብላት” ይባላል። እሑድም አይቀርላቸው፤ ካልበሉ ይሞታሉ። ስለዚህ እሑድ እሑድ “ድንቡሼን አብልቼ ልምጣ” እያልኩ ከቤት እወጣ ነበር። ወንዱ ልጄ ምሳውን ሳይነካ ይጠብቀኛል። አንድ እሑድ በሩ ላይ ቆመና፣ “እማዬ፣ የምታበዪው እሷን አይደለም፤ የበላትን ነው” አለኝ።

ይህንኑ ለተማሪዎቼ ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ አንስተን አናውቅም። በቋንቋችን ሐዘን የአንጀት ነው፤ “ጉበቴ ተቃጠለ” የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። የእኔ ግን የተቃጠለው እሱ ነው። ዕጢው ገዳይዋም ቢሆን ከእሷ የቀረኝ ሕይወት ያለው ነገር እሱ ብቻ ነበርና ሳበላው ኖርኩ፤ አልጸጸትም።

ቢሆንም እንዲህ ይሁን። በማሞቂያው ሣጥን ውስጥ ዛሬም የሚበሉት ጠርሙሶች ከእኔ ጋር ያብቁ። እኔ በሞትኩ ማግስት ወንዱ ልጄ ሄዶ በገዛ እጁ በረኪና ያፍስስባቸው፤ ረዳቴ ታሳየዋለች። በናይትሮጅን ጋን ውስጥ የቀዘቀዙት ሴሎች ግን ለረዳቴ ይሁኑ። መድኃኒት ትሞክርባቸው፤ በሚገድላቸው ሁሉ ትግደላቸው፤ የሥራችን ዓላማ ይኸው ነበር። ስሙ ግን ከላያቸው ይፋቅ፣ ቁጥር ይሰጣቸው። ድንቡሼ የልጄ ስም ነው። ስሜን ጻፊበት ብላኝ ነበርና ቃሏን አጥፌያለሁ፤ ስንገናኝ እንከራከርበታለን።

ወንዱ ልጄ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ወደ አልጋዬ መጣና፣ “እማዬ፣ ምሳ በልተሻል?” አለኝ። ጠበቃው ይህ በኑዛዜ አይገባም ቢልም ጻፈው አልኩት። አልበላሁም። ልጄ ሊያበላኝ ሳህን ሊያመጣ ወደ ማድ ቤት ገብቷልና ቃሌን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ፊርማዬ ቢንጋደድ ተኝቼ ስለምፈርም ነው እንጂ ሐሳቤ ስለተናወጠ አይደለም።

የተናዛዧ ፊርማ

እኛ ምስክሮች ይህ ቃል ከአንደበቷ ሲወጣ ሰምተናል፤ ተነቦላት “የኔ ነው” ብላ ስትፈርምም በዓይናችን አይተናል። ልጇ ወራሽ ስለሆነ አልፈረመም፤ እስክትጨርስ ማንኪያውን ይዞ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

የጻፈው ጠበቃ ፊርማ
የነርሷ ፊርማ
የልብስ ሰፊው ፊርማ